ስለ ድምፅ ማጉያችን አመራረጥ

ይህን የምጽፈው በመሣሪያ ዕውቀት የተመሰገንሁ ሰው ስለ ሆንሁ አይደለም። ይልቁንም ባለማወቄ የሕዝብን ገንዘብ ያቃጠልሁ ሰው ነኝና፥ ከእኔ በኋላ እንዲህ ያለው አደራ የሚጣልበት ቢኖር፥ እኔ የሄድሁበትን መንገድ ደግሞ እንዳይሄድበት ብዬ ነው።

ደብራችን ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ፥ ወደ ጉና በኩል ከፍ ካለ ጉብታ ላይ ነው። ቅጥሩን ጽድና ወይራ ከብቦታል። ከጉብታው በታች ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶም 400 ሜትር ያህል ርቆ የእናቴ ቤት ይታያል። እናቴ በወገብ ሕመም ምክንያት ከአልጋ ከዋለች ብዙ ዘመን ሆናት። አባቷ መሪጌታ ነበሩና ቅዳሴውን ከነዜማው ታውቀዋለች፤ ስለዚህ እሑድ እሑድ መስኮቷን አስከፍታ፥ ነጠላዋን በትእምርተ መስቀል አጣፍታ፥ ከደብሩ የሚመጣውን ድምፅ እየተከተለች በተኛችበት ታስቀድሳለች። ስለ አምፕሊፋየር ልናገር ተነሥቼ ስለ እናቴ ማውራቴ ከነገሩ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የዞረው በዚያች መስኮት ላይ ነው።

የሰውን ድምፅ ወደ ሩቅ የማድረስ ጉዳይ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ደብረ ታቦር የራስ ጉግሣ ከተማ፥ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ በነበረች ጊዜ፥ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ከተጐሰመ በኋላ ነበር። ለቤተ ክርስቲያንም ደወል ነበራት፤ ብረት በማይገኝበት ስፍራ የሚጮኽ ድንጋይ ተመርጦ ተሰቅሎ ይደወል ነበር፤ ዛሬም የድንጋይ ደወል ያላቸው ጥንታውያን አድባራትና ገዳማት አሉ። በነሐሴ 13 ቀን ደግሞ፥ ከተማችን ስሟን በወረሰችበት በዓል፥ እረኞቻችን ጅራፍ ሲያጮኹ ከተራራ ተራራ ይሰማል። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ይልቅ ፈጥኖ አየሩን ሲሰነጥቀው ነው ያ ድምፅ የሚወለደው። ይሁን እንጂ ነጋሪቱም፥ ደወሉም፥ ጅራፉም የሚያደርሱት ምልክትን ነው እንጂ ቃልን አይደለም። ቃልን ከነትርጕሙ ወደ ሩቅ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ይህን ልዩነት አስቀድሜ ዐውቄ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ኀፍረት በዳንሁ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. በሰኔ ወር የሰበካው ጉባኤ ተሰብስቦ፥ አሮጌው ድምፅ ማጉያ ስላረጀ አዲስ ይገዛ ብሎ ወሰነ። እኔ አስተማሪ በመሆኔ መሣሪያ የማውቅ መሰልኋቸውና ግዢው ለእኔ ተሰጠ። ገንዘቡ የተዋጣው ከገበሬው፥ ከነጋዴውና ከደመወዝተኛው ነው። አንዲት ጠላ ጠምቀው የሚያድሩ እናት ከመቀነታቸው 50 ብር ፈትተው ሲሰጡ አይቻለሁ። ስንት ዋት ይሁን በሚለው ነገር ክርክር ተነሣና፥ አንድ ሽማግሌ «እኛ የጋፋት ጎረቤቶች ነን፤ መድፍ የቀለጠበት አገር ሰው ትንሽ ነገር አይገዛም» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። እውነት ነው፥ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከከተማችን አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ፥ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ብረት በሰው ክንድ እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ወጥቷል። እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱን ከጭንቅ አላዳናቸውም። ይህ በዚያ ቀን አልታሰበኝም።

አዲስ አበባ ወርጄ መርካቶ ገባሁ። በእኛ አገር ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ «ሞንታርቦ» ይባላል፤ ይህ የአንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም ሲሆን ለነገሩ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። እኔም «ሞንታርቦ የሚያንቀሳቅስ አምፕሊፋየር» ብዬ ጠየቅሁ። ከፊቱ ላይ በትልቅ ቍጥር 2000 ዋት የተጻፈበት፥ ብርሃኑ አረንጓዴና ቀይ የሚያበራ፥ እጅግ ያማረ ሣጥን አሳዩኝ። ከጐኑ 120 ዋት የሚል፥ ግራጫ ቀለም የተቀባ፥ ክብደቱ ግን የእጥፍ ያህል የሆነ ሌላ ሣጥን ነበር፤ ዋጋውም ይበልጥ ነበር። በልቤ ሣቅሁ። ትንሹን በውድ የሚገዛ ማን ሞኝ አለ ብዬ 2000ውን አስጭኜ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወደ አገሬ ገባሁ። ሻጩን አልከስስም፤ የጠየቅሁትን ሰጠኝ።

አራት ጡሩምባዎች ሰቀልን። በባለ ሙያው አነጋገር ሆርን የሚባሉት፥ አፋቸው እንደ አበባ የሰፋው ናቸው። ሦስቱ ከደወሉ ቤት ላይ፥ አራተኛው ከቅጥሩ ጫፍ ካለው ጽድ ላይ 100 ሜትር ሽቦ ተስቦለት ተሰቀሉ። በመጀመሪያው እሑድ ሸለቆው ሁሉ ተናወጠ። ሕዝቡም ደስ አለው፤ እኔም ተመሰገንሁ። ማታ ወደ እናቴ ቤት ሄጄ «እንዴት ነው፥ ዛሬ ተሰማሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ድምፁስ ይመጣል ልጄ፤ ቃል ግን የለውም» አለችኝ። ዕድሜዋ ጆሮዋን አድክሞት ነው ብዬ ዝም አልሁ። በዚያው ሳምንት ከደብሩ በታች ያለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ መጥታ፥ በምጥ ላይ ያለች ሴት የምትለውን መስማት አቃተኝ ብላ ለመነችን። አንዳንዱ ሰው በነገሯ ተቈጣ። እኔም ሁለቱ አቤቱታዎች፥ የእናቴ አልሰማ ማለትና የነርሷ በዛብኝ ማለት፥ ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸውን አላስተዋልሁም።

የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ደረሰ። ዝናቡ ሲጥል አመሸ፤ ጉና በጉም ተሸፍኗል። መሣሪያውን እርጥበት እንዳያገኘው ብለን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈንነው፤ ይህም ሌላው ስሕተታችን ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፥ ከዕጣኑ ሽታ መካከል ሌላ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ። ብርድ ልብሱን ስንገልጥ ጭሱ ፊታችንን መታን። ጡሩምባዎቹ አንድ ጊዜ ጓጕረው ዝም አሉ።

ያን ዝምታ አልረሳውም። የኔታ ግን አላቋረጡም። ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ፥ ድምፃቸው የሳሳ ሽማግሌ ናቸው፤ እንደ ቀድሞው ቀጠሉ፤ መሪጌቶቹም ተቀበሏቸው። በቅጥሩ ውስጥ በየዛፉ ሥር ተጠልሎ የነበረው ሕዝብ ቀስ በቀስ እየቀረበ ቅኔ ማኅሌቱን ሞላው። ይህን ያዩ አንዳንዶች መሣሪያው ባይኖር ይሻላል ብለው ነበር፤ እኔም ለጥቂት ቀን እንዲሁ አስቤአለሁ። ነገር ግን በማግስቱ እናቴ ዘንድ ስሄድ፥ በዓል አልመሰላትም። «ዛሬ ሳይቀደስ ቀረ ወይ?» አለችኝ። መቅረብ ለሚችል ሰው መሣሪያው ትርፍ ነው፤ መቅረብ ለማይችል ሰው ግን ሌላ በር የለውም።

የተቃጠለውን ሣጥን ተሸክሜ በከተማው ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግን አንድ ወጣት ዘንድ ሄድሁ። ከፈታው በኋላ «ጋሼ፥ ይህን ስንት ዋት ነው ብለው ገዙት?» አለኝ። «2000» አልሁት። ጀርባውን አዙሮ «ይህን አንብበዋል?» አለኝ። አላነበብሁም። መሣሪያው ከመብራቱ የሚስበው ኃይል 350 ዋት መሆኑ በትናንሽ ፊደል ተጽፏል። «አንድ እንስራ ቀድቶ ስድስት እንስራ የሚያፈስስ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። ለቅጽበት ያህል ካጠራቀመው ብዙ ሊያወጣ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ከሚጠጣው በላይ መስጠት የሚችል መሣሪያ ከቶ የለም። ያ 2000 የተባለው «ፒኤምፒኦ» የሚሉት ቍጥር ነው፤ የታወቀ የመለኪያ ሥርዓት የለውም፤ ሻጭ የፈለገውን ያህል ሊጽፍ ይችላል። ሊታይ የሚገባው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ነው፤ ባለ ሙያዎቹ «አርኤምኤስ» ብለው የሚጽፉት፥ ከአጠገቡም ስንት ኦም ላይ እንደ ተለካ የሚነገርለት ነው። የእኛው መሣሪያ በዚህ መለኪያ 200 ዋት እንኳ የሚሞላ አልነበረም።

ሁለተኛውም ጥፋት የእኔው ነው። ጡሩምባዎቹ እያንዳንዳቸው 8 ኦም ናቸው። ኦም ማለት ጡሩምባው የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቋቋምበት ልክ ነው። አራቱን ጎን ለጎን በአንድ ላይ ሳስራቸው የተቋቋሚነታቸው ልክ ከ3 ኦም በታች ወረደ። መሣሪያው ግን ከ4 ኦም በታች አትጫኑብኝ ብሎ ጀርባው ላይ ጽፎ ነበር። በአንዲት ላም አራት ጥጃ እንደ ማስጠባት ነው፤ ላሚቱ አልሰጥም አትልም፤ ትሰጣለች፥ ኋላ ትወድቃለች። በብርድ ልብስ መሸፈናችንን በነገርሁት ጊዜ ወጣቱ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማራገቢያውም በአቧራና በዕጣን ጥቀርሻ ተደፍኖ ነበር።

ስለ ማቀዝቀዝ የነገረኝ እጅግ ገረመኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እኛ ስለ ለመድነው አይታወቀንም፤ መሣሪያው ግን ያውቀዋል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያመጣው አየር ስለሚያንስ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። «ብርድ አገር ነው፤ መሣሪያ አይሞቅም» የሚለው የእኛ አነጋገር እንግዲህ እኩሌታው ብቻ እውነት ነው። ከአንዳንድ የቻይና ሥራ መሣሪያ ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕል ተሥሎ ከ2000 ሜትር በላይ እንደማይሆን ይጻፍበታል፤ አሳየኝም። የሳሳ አየር ሙቀትን ከመውሰድ መድከሙ ብቻ ሳይሆን፥ በጠባብ ክፍተት መካከል ከፍተኛውን ቮልት ለይቶ ከመያዝም ይደክማል። ያቺን የተራራ ሥዕል ስንቱ የጉና ሰው አይቶ ጌጥ መስሎት ይሆን!

ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደዚያ ወጣት ሱቅ እሄድ ጀመር። ያስተማረኝን ሁሉ ልጽፍ አልችልም፤ ዋናውን ግን እነሆ።

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ዋት እጥፍ ቢሆን ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ይህም ጆሮ በጭንቅ የሚለየው ነው። ድምፁ ለሰሚው እጥፍ እንዲመስለው ከተፈለገ ዋቱ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። ርቀት እጥፍ ሲሆን ደግሞ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከዚህም የሚበልጠው ነገር የጡሩምባው ጠባይ ነው። የእኛ ጡሩምባ በ1 ዋት፥ በ1 ሜትር ርቀት 110 ዴሲቤል ያሰማል ተብሎ ተጽፎበታል። በሠርግ ቤት የምናየው ሣጥን መሰሉ ድምፅ ማጉያ ግን በዚያው 1 ዋት 95 ዴሲቤል ያህል ነው የሚሰጠው። የ15 ዴሲቤል ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ጡሩምባው በ30 ዋት የሚያሰማውን ሣጥኑ ለማሰማት ወደ 1000 ዋት ይፈልጋል። ይህን በሰማሁ ጊዜ እርሳስ አንሥቼ ራሴ ቈጠርሁት። 30 ዋት የተሰጠው አንድ ጡሩምባ በ1 ሜትር 125 ዴሲቤል ያህል ይሆናል፤ 400 ሜትር ርቆ እናቴ መስኮት ሲደርስ፥ ነፋስ ካልወሰደው፥ 73 ይቀረዋል። ሰው ከሰው ጋራ በ1 ሜትር ርቀት ሲነጋገር ድምፁ 60 ያህል ነው። ስለዚህ 30 ዋት ይበቃ ነበር! እኔ ግን 2000 ፍለጋ መርካቶ ድረስ ሄጃለሁ።

ታዲያ ድምፁ እየደረሰ ቃሉ የጠፋው ስለ ምን ነው? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ መሣሪያው ከዐቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ማዕበል ጫፍ ጫፉን ይቈርጠዋል። ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል በዝቅተኛ በር ሊገባ ሲል ራሱን እንደሚመታው ነው። የተቈረጠው ድምፅ ለጆሮ ሻካራ ይሆናል፤ ፊደላቱም ይደባለቃሉ። ይህ ብቻ አይደለም፤ በጡሩምባው ውስጥ ያለችውን ዲያፍራም የምትባል ስስ ሽፋንም ከነሽቦዋ ያቃጥላታል። ከፍተኛ ዋት ካለው መሣሪያ ይልቅ ትንሹ ተጨንቆ ሲጮኽ ብዙ ጡሩምባ ያጠፋል የሚባለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የመሣሪያው እውነተኛ ዋት ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ መያዝ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት የድምፅ አካሄድ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከደወሉ ቤት ያሉት ጡሩምባዎችና 100 ሜትር ርቆ ከጽዱ ላይ ያለው ጡሩምባ ያንኑ ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገሩ፥ ለእናቴ የአንደኛው ቃል ከሌላው በሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ይደርሳታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዲያቆኑ ሌላ ቃል ጀምሯል። ሁለት ዲያቆናት አንዱን ምንባብ እየተከታተሉ በአንድ ላይ ሲያነብቡ አስቡት። እኔ ጡሩምባ በጨመርሁ ቍጥር ለእርሷ ቃሉ ይደበደብ ነበር፤ ከታች ላለችው ለነርሷ ደግሞ ጩኸቱ ይበዛባት ነበር። የሁለቱም አቤቱታ አንድ ነው ማለቴ ይህን ነው።

የሽቦውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ ብዙ ደብር የሚጎዳው በዚህ ነውና። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 100 ሜትር ሲሳብ፥ መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ 200 ሜትር ይሆናል፤ ተቋቋሚነቱም 3.4 ኦም ያህል ነው። 8 ኦም ለሆነ ጡሩምባ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ጡሩምባው ሊያገኝ ከሚገባው ኃይል ግማሽ ያህሉ ብቻ ይደርሰዋል። መድኃኒቱ «የ100 ቮልት መሥመር» የሚባለው አሠራር ነው። አምፕሊፋየሩ ድምፁን በከፍተኛ ቮልትና በትንሽ አምፔር ይልካል፤ ከእያንዳንዱ ጡሩምባ ጀርባ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። ከጣና በለስ የሚወጣው የመብራት ኃይል በየተራራው ላይ በከፍተኛ ቮልት የሚሄደው ስለዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ አሠራር ያው 100 ሜትር ሽቦ 30 ዋት ለሚወስድ ጡሩምባ የሚያጠፋበት ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ በትራንስፎርመሩ ላይ ለአንዱ ጡሩምባ 30 ዋት፥ ለሌላው 15፥ ለሌላው 10 እየተባለ ድርሻው ይወሰናል። የዋቱ ድምር ከአምፕሊፋየሩ ዋት እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ብቻ ነው፤ ሲሶ ያህል ትርፍ ቢቀር ደግሞ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ ከባዱ ይሻላል ወይስ ቀላሉ የሚል ጥያቄ መጣ። በዘመናችን ያሉት ቀላል አምፕሊፋየሮች ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበሩና እያጠፉ የሚሠሩ ናቸው፤ ከሚስቡት ኃይል አብዛኛውን ወደ ድምፅ ይለውጡታል፥ ሙቀታቸውም ጥቂት ነው። ከባዶቹ በአሮጌው አሠራር የሚሄዱ፥ ትልቅ የብረትና የመዳብ ትራንስፎርመር የተሸከሙ ናቸው፤ ብዙ ኃይል በሙቀት ያባክናሉ። በመጽሐፍ ቢሆን ቀላሉ ያሸንፋል። ነገር ግን ወጣቱን «ቢበላሽ የትኛውን ትጠግናለህ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ከባዱን እዚሁ እጠግንልዎታለሁ፤ የቀላሉ ዕቃ ግን እዚህ አይገኝም» አለኝ። ምርጫው በዚህ ተቈረጠ። እኔ እንደሚመስለኝ በትልቅ ከተማ ላለ አዳራሽ ቀላሉ ይሻል ይሆናል፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚሻለው በአቅራቢያው ሐኪም ያለው መሣሪያ ነው።

የመብራቱም ጠባይ መታየት አለበት። ወጣቱ መለኪያውን ይዞ ወደ ደብራችን መጥቶ ነበር፤ ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ወደ 175 ወርዶ አገኘነው። ይህን ጊዜ በአሮጌው አሠራር የተሠራ አምፕሊፋየር ከኃይሉ ሲሶ የሚበልጠውን ያጣል። መብራቱ ጨርሶ ሲጠፋስ? ስለዚህ በባትሪም የሚሠራ እንዲሆን ተስማማን፤ ሁለት የመኪና ባትሪ ተያይዘው 24 ቮልት የሚቀበል። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢሆንና መሣሪያው በአማካይ 5 አምፔር ቢስብ፥ ባትሪውን ሳናደክም እስከ ግማሹ ብንጠቀም እንኳ 7 ሰዓት ያገለግላል። ለጥምቀት ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ስንወርድም ይኸው ይበቃል።

የቀረው የኔታን ማስፈቀድ ነበር። ያሰብነውን ሁሉ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡና «ልጄ፥ ማኅሌቱን በሽቦ አትላኩብኝ» አሉ። ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም አገር ናት፤ ይህ ስልት የፎገራው ሊቅ የአለቃ ገብረ ሐና እንደ ሆነና በልጃቸው በተክሌ ስም እንደ ተጠራ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። «የመቋሚያው መወዛወዝ በጡሩምባ ይሰማል? ከበሮውስ በእናንተ ቆርቆሮ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ሰምተኸዋል?» አሉኝ። ሰምቼዋለሁ። ጡሩምባ የሰውን የንግግር ድምፅ ያደርሳል እንጂ የከበሮን ጥልቅ ድምፅ ማውጣት አይሆንለትም፤ ከበሮው ጣሳ ሲመታ ይመስላል። ስለዚህ ማኅሌቱ በሰው ድምፅ ብቻ እንዲሆን፥ ቅዳሴው፥ ምንባቡና ስብከቱ ግን በመሣሪያ እንዲሰማ ተወሰነ። ከሌሊቱ እስከ ንጋት ጡሩምባው ዝም ይላል ማለት ነው። ነርሷን ይህን ልነግራት ብሄድ አላመነችኝም ነበር።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ መርካቶ ወረድሁ። ገንዘቡ የሕዝብ አልነበረም፤ ከደመወዜ አጠራቅሜ፥ የጎደለውን ተበድሬ ነው የሄድሁት። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ የእኒያን እናት 50 ብር እያሰብሁ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። በዚህ ጊዜ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አዙሩልኝ አልሁ። ሳያቋርጥ የሚሰጠው ስንት ነው? የ100 ቮልት መውጫ አለው? ባትሪ ይቀበላል? ማራገቢያው ከኋላ ነው ከጐን? ከፍታው እስከ ስንት ሜትር ተጽፎለታል? ሻጩ «ጌታዬ፥ መሐንዲስ ነዎት?» አለኝ። መጀመሪያ የሣቅሁበትን ያንን ግራጫውን 120 ዋት መሰል፥ 14 ኪሎ የሚመዝን ሣጥን ገዝቼ ተመለስሁ።

አሰቃቀሉንም ለወጥነው። ከጽዱ ላይ ያለውን ጡሩምባ አወረድነው። ከደወሉ ቤት ላይ አንዱን ብቻ ወደ ሸለቆው ማዶ አዙረን 30 ዋት ሰጠነው፤ ከጤና ጣቢያው ጣራ በላይ እንዲያልፍ ከፍ አድርገን፥ ዝናብ እንዳይገባበት አፉን ትንሽ ደፋ አደረግነው። ለቅጥሩ ሕዝብ ሁለት ጡሩምባ በ10 በ10 ዋት፥ ለቅኔ ማኅሌቱ ሁለት ትናንሽ ድምፅ ማጉያ በ10 በ10 ዋት። ሁሉም ተደምሮ 70 ዋት። ብርድ ልብስም አላለበስነውም፤ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገን፥ ዐቧራው በየወሩ እንዲጠረግ ለዲያቆኑ አዘዝነው።

የኅዳር አንድ እሑድ ነበር፤ የጉና ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። እንዲህ ባለ ንጋት ቀዝቃዛው አየር በሸለቆው ውስጥ ስለሚተኛ፥ ወደ ሰማይ ሊበተን የነበረው ድምፅ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል፤ ከሌላው ሰዓት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። በቅጥሩ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ድምፁ ስላነሰባቸው ወደ እኔ እያዩ ያንሾካሽኩ ነበር። አንድ የጉባኤው አባልም «ለዚህ ነው እንዴ ዳግመኛ መርካቶ የሄድኸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥርዓተ ቅዳሴው እንደ ተፈጸመ ጠበል እንኳ ሳልቀምስ ቁልቁለቱን ወርጄ፥ ሸለቆውን ተሻግሬ እናቴ ቤት ገባሁ።

መስኮቷ ተከፍቷል። ነጠላዋን እንዳጣፋች ነበረች። ገና ሳልጠይቃት ፊቷን ወደ እኔ መለሰችና፥

«ያ ትንሹ ዲያቆን የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

«ምነው?»

«የጳውሎስን መልእክት ሲያነብ አንድ መሥመር ዘለለ። ንገሩት።»